መቃብር ለማን ይሠራል?

አንባቢ ሆይ! መቃብር የሚሠራው ለሞተው ነው ወይስ ለቀሪው? እኔ ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት በእንግሊዝ አገር፣ ዊልትሸር በተባለው አውራጃ፣ ኦል ካኒንግስ ከምትባል መንደር አጠገብ ነበር።

በዚያ አገር ስኖር ባልዋ የሞተባት አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። የባልዋ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ በዕቃ ተቀምጦላት ነበር። እኔ «አፈሩ ይቅለለው» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ አፍ አውጥቼ ባልናገርም በልቤ ፈረድሁባት። ከጊዜ በኋላ፣ በዓመቱ ውስጥ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ዕለት፣ ወደ ባልዋ ማረፊያ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

ገና ሳይነጋ ደረስን። ከእርሻው መካከል ሣር የለበሰ ረጅም ጉብታ ይታያል። ይህን መካነ መቃብር ያሠራው ቲም ዶው የተባለ ገበሬ ሲሆን፣ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አርአያ የሆኑትም ከ5,000 ዓመታት በፊት በዚያው ምድር የተሠሩት ጉብታዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በሆነው በዌስት ኬኔት ከ30 የሚበልጡ ሰዎች አፅም በአንድነት ተገኝቷል። ጥንት የሙታን አፅም ያርፍበት እንደ ነበረ፣ በአዲሱ ጉብታ ደግሞ የሙታን አመድ ያርፍበታል። በውስጡ በድንጋይ የተገነቡ ክፍሎች አሉ፤ በግድግዳቸውም የአመዱ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ መስኮት መሰል ቦታዎች ተበጅተዋል። መግቢያው የተቀየሰው በዚያች አጭር ቀን የምትወጣውን ፀሐይ ፊት ለፊት እንዲቀበል ሆኖ ነው።

ፀሐይ በወጣች ጊዜ ብርሃኑ ጨለማውን መተላለፊያ አልፎ እስከ ውስጥ ዘለቀ። ጎረቤቴ እጅዋን በግድግዳው ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ከአጠገብዋ የቆመች አንዲት የማታውቃት ሴትም እናትዋ ያረፈችበትን ቦታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ይህን ባየሁ ጊዜ የአገሬ ዕድርተኞች በሐዘን ቤት ተሰብስበው ሲያጽናኑ ትዝ አሉኝ።

ስንመለስ «አባትህ የት ተቀበረ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአፈር እንደ ተቀበረ በኩራት ነገርኋት። «መቼ ጎበኘኸው?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ መቃብሩ ሄጄ አላውቅም ነበርና።

አስከሬንን ማቃጠል እስከ ዛሬ ልቤ አይቀበለውም። ነገር ግን ሙቱን የረሳሁት እኔ እንጂ እርስዋ አልነበረችም። አንባቢ ሆይ! አንተስ ያንተን ሙት መቼ ጎበኘኸው?