የስፌት ሜትርና የመኪና ጎማ

ስለ መኪና ጎማ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጎማው የሚገዛው ከቤተሰቡ ጉሮሮ ተቀንሶ ከሆነ፣ በመኪናውም የሚሳፈሩት ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ከሆኑ፣ ጉዳዩ የወንዶች ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም። እኔ ዝም ብዬ ነበር። ምን እንዳጋጠመኝ ለእኅቶቼ ላወጋ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

የምንኖረው ሰቆጣ ነው። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የራሳችንን አሮጌ ባለናፍጣ ላንድክሩዘር እያከራየ ይሠራል። ዛሬ የጥናት ሠራተኞችን፣ ነገ ሙሽራ፣ ከነገ ወዲያ ለቀስተኛ ይጭናል። የቤታችን እንጀራ ግማሹ ከእኔ የወር ደመወዝ፣ ግማሹ ከዚህችው መኪና የሚገኝ ነው።

ባለፈው ዓመት የኋላው ባሌስትራ ስለ ረገበ ከፊት ሞላው ጋር አብሮ ተለወጠ። አዲሶቹ ከፍ ያሉ ስለ ነበሩ የመኪናው አካል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ መኪናውን ባየ ቁጥር ጎማው ያንስበት ጀመር። «ረጅም ሰው አጭር ሱሪ የለበሰ ይመስላል» ይለኛል። ጎማዎቹም ማለቃቸው እውነት ስለ ነበረ፣ በሚለወጡበት ጊዜ ትልልቆቹ እንዲገቡ ቆርጦ ነበር። ገንዘቡ ግን ከእኔ ዘንድ ነው፤ በሐምሌ የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ለእኔ ወጥቶ ነበርና። እኔ በልቤ የያዝሁት የወጥ ቤቱን ጣሪያ ማሳደስ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ምጣዱ ላይ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ታውቀዋለች።

ባለቤቴ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ዝቋላና ወደ ተከዜ በኩል ሲወረድ መንገዱ ሸለቆ ለሸለቆ፣ ድንጋይ በድንጋይ ነው። የመኪና ሆድ ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ድምፅ የባለመኪና ሆድ ይቆርጣል። «ጎማው ሲያድግ ከድንጋይ እንድናለን» የሚለው ክርክሩ እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

በነሐሴ አንድ ወዳጁ መኪናውን ለረጅም ጥገና አቁሞ ስለ ነበር አራት ትልልቅ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አዋሰው። «ሞክረህ እየው» አለው። ጎማዎቹ ሲገቡ እውነትም መኪናው ግርማ ሞገስ አገኘ። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው አዩለት።

በዚያው ሳምንት ዝቋላ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዳገቱን ሳንጀምር ሰዎች በቃሬዛ አንዲት ምጥ የያዛት ወጣት ተሸክመው መንገድ ዳር አገኘናቸው። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ለምነውን ሳይጨርሱ በሩን ከፈትን። መጀመሪያ ያየሁት ጉድ ሴትዮዋ መኪናው ላይ መውጣት አለመቻሏ ነው። በሞላውና በጎማው ሁለት ጊዜ ከፍ ያለው መኪና መርገጫው ከጉልበቷ በላይ ሆነባት። አንድ ጎረምሳ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጀርባውን ደረጃ አደረገላት፤ እኔና አማቷ በብብቷ ይዘን አስገባናት። ይህን ያህል ጊዜ ያንን መኪና ስሳፈርበት አንድም ቀን ለነፍሰ ጡር አስቤው አላውቅም ነበር።

ዳገቱን ስንያያዝ ሞተሩ ደከመ። ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣውን አሁን በአንደኛ እያጓራ ነው የሚወጣው። ከዚያ አንድ ጠባብ ጥምዝ ላይ ባለቤቴ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተፋጨና መሪው አልዞር አለ። መኪናው መታጠፉን ትቶ ወደ ገደሉ ጠርዝ ቀና አለ። ፍሬን ያዘ። ያለን መንገድ ወደ ኋላ እየመለሱ በሁለት በሦስት ጊዜ መጠምዘዝ ብቻ ነበር። ረዳት ስለሌለን እኔ በነጠላ ጫማዬ ወርጄ ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፍሁ። አማቲቱ በአገውኛ ስትጸልይ ቆይታ፣ በመጨረሻ በአማርኛ «ቀስ በል ልጄ፣ ሁለት ነፍስ ነው የያዝኸው» አለችው። እርሱም ምንም አልመለሰላትም። አንገቱ ላይ ያለው ላብ ግን ይታየኝ ነበር።

ልጅቱ ሌሊቱን ሆስፒታል በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ወለደች። እኛ ቤታችን ገብተን እራት ሳንበላ ተኛን።

በማግሥቱ ባለቤቴ የወዳጁን ጎማዎች ሊመልስ ሲያወልቅ የእኛዎቹና የትልልቆቹ ግድግዳ ተደግፈው ጎን ለጎን ቆሙ። እኔም የስፌት ሜትሬን አመጣሁ። ሜትሩ 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ ሁለት ጊዜ ማዞር ነበረብኝ። የእኛው ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ44፣ ትልቁ 2 ሜትር ከ62 ሆነ። የ18 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ወረቀት ሳወጣ ግን አጠገቤ ተቀመጠ።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ለካ እንደ ልብስ ቁጥር የሚነበብ ነው። የእኛው 265/70 R16 ይላል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 16 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ይህን አስልተን የእኛው ጎማ ከላይ እስከ ታች 777 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ማለትም 285/75 R16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ከድንጋይ የሚያድነን ግማሹ፣ 28 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ነው፤ ግማሹ ከአክሱ በላይ ይቀራልና። ባሌስትራና ሞላ መለወጡማ የሚያነሣው የመኪናውን አካል ነው እንጂ ዲፈረንሻሉን አይደለም፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው በጎማው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጣጣ ሁለት ጣት ለማይሞላ ከፍታ ነበር። በአንጻሩ የመኪናው አካል በሁለቱ ተደምሮ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ግድም ከፍ ማለቱ ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ደግሞ በጥምዝ ላይ ቶሎ ያጋድላል። እንስራ ተሸክማ ቁልቁለት የወረደች ሴት ይህን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልጋትም።

ሞተሩ የደከመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይከብዳል። የእኛ መኪና ሞተር ቱርቦ የሌለው ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር በደጋው ስስ አየር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል አስቀድሞ ያጣል። በቁልቁለትም በማርሽ መያዙ ይላላል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከኮረም ወደ አላማጣ በግራ ካሕሱ የወረደ ሰው ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ባለቤቴን ያስደነገጠው ግን የኪራዩ ሒሳብ ነው። ጎማው ሲያድግ ቆጣሪው አያውቅም፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲቆጥር መኪናው 107 ሄዷል። እርሱ ደግሞ የሚከፈለው በኪሎ ሜትር ነው! ፍጥነቱም እንደዚሁ ነው፤ 60 ሲያሳይ 64 ይሄዳል። «እንግዲህ ሰባቱን ኪሎ ሜትር በነጻ ልትነዳላቸው ነው?» ብለው ራሱን ነቀነቀ።

የሁለታችንም ራስ ውስጥ ያልነበረ አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። ወዳጁ ያዋሰው አራት ጎማ ብቻ ነው፤ ስኮርታው የእኛው ትንሹ ነበር። ያን ዕለት በዳገቱ ላይ ጎማ ቢፈነዳ አንዱ እግሩ አጭር የሆነ መኪና ይዘን ነበር ማለት ነው። መጠኑ የተለያየ ጎማ በአራት እግር ሲነዳ ዲፈረንሻልንም ይጎዳል። ስለዚህ ጎማ ሲገዛ አምስት ይገዛል፤ አራት የሚል ዋጋ ሲነገራችሁ አምስተኛውን ራሳችሁ ደምሩበት።

በመስከረም ሁለታችንም ወልድያ ወረድን። አንድ መደብር ትልልቆቹን በርካሽ ሊሸጥልን ነበር፤ ባለቤቴም ዓይኑ እንደገና ቀላወጠ። ከመደብሩ ፊት ለፊት የነበሩ ሽማግሌ ጎሚስታ ግን ጠሩኝና «ልጄ፣ ዋጋውን ሳይሆን ዕድሜውን ጠይቂ» አሉኝ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አሳዩኝ፤ 1114 ይላል። በፈረንጆች 2014 ዓመት በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አልተነካም፤ ጎኑን በጣት ጫን ሲሉት ግን እንደ ደረቀ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ታየ። ዱቄትና ዘይት ስንገዛ ቀኑን የምናይ ሰዎች ልጆቻችን የሚሳፈሩበትን ጎማ ቀን አይተን አለማወቃችን ይገርማል።

እኚሁ ሰው ቸርኬያችንን ለክተው ስፋቱ 7 ኢንች መሆኑን ነገሩን። 285 ስፋት ያለው ጎማ ቢያንስ ሰባት ተኩል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትልቁን ብንገዛ አምስት ቸርኬም አብሮ መግዛት ነበረብን። ባለቤቴ አኮረፈ። «እንግዲያ በድሮው ልቀር ነው?» አላቸው። «ለምን ትቀራለህ፤ አትወፍር፣ ርዘም» አሉት።

ያሳዩን 235/85 R16 የሚባለውን ነው። ከእኛው ጎማ ይቀጥናል፤ ቁመቱ ግን 806 ሚሊ ሜትር ነው። ለብዙ ዘመን የገጠር ላንድክሩዘሮች ከሚጫሙት ከ7.50-16 ጋር ቁመቱ ይቀራረባል፤ ባለቤቴም ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ። ቀጭን ስለሆነ መሪው ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን አይነካም፤ በእኛው ቸርኬ ላይም ይገባል። የቆጣሪው ስሕተት ከ4 በመቶ በታች ነው። ከፍታው በ14 ሚሊ ሜትር ይጨምርልናል፤ ትንሽ ነው፤ ግን ያለ ጣጣ የተገኘ ነው። ባለ10 ፕላይ የሆነውን፣ አንዱ ጎማ እስከ 1,400 ኪሎ ግራም የሚሸከመውን መረጥን፤ የዋግ ድንጋይ የሚቆርጠው ከሥር ሳይሆን ከጎን ነውና። ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን የጭቃ ጎማ ባለቤቴ ወዶት ነበር። በዓመት ስንት ወር ነው ጭቃ የምንነዳው ብዬ ጠየቅሁት፤ ቆጥሮ ተወው።

ወደ ጥንት ብንሄድ ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ በነበረችበት ዘመን ያንን ቁልቁለት የሚወጡት የሚወርዱት በቅሎና አህያ ነበሩ። የበቅሎ ሰኮናም ጠባብ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «አሁንስ ስለ በቅሎም ልታስተምሪኝ ነው» አለኝ።

አምስቱን ገዝተን፣ ቀናቸውን አንድ በአንድ አይተን፣ ቆጣሪውንም ለተከራዮች በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ እንዲታረም አድርገን ተመለስን። ለትልቁ ጎማና ለቸርኬው ሊወጣ ከነበረው የተረፈው የወጥ ቤቱን ጣሪያ ግማሽ አለበሰ፤ ግማሹ የሚቀጥለውን እቁብ ይጠብቃል። በመኪናው የኋላ በር ላይ ደግሞ አንድ የብረት መርገጫ አስበየድን፤ ይህን ያዘዘው ራሱ ባለቤቴ ነው። ከአሮጌዎቹ ጎማዎች ሁለቱን በረባሶ የሚሠራ ጎረቤታችን ወሰዳቸው። ሦስቱ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ በአንዱ ውስጥ ጎመን ተክዬበታለሁ።

የስፌት ሜትሬ እስካሁን ከመኪናው ኪስ አልወጣም። ቀሚስ ልቆርጥ በተነሣሁ ቁጥር ባለቤቴ ከመንገድ እስኪመለስ መጠበቅ ሆኗል ሥራዬ።