ለበጎ ፈቃደኛው ልክ እናብጅለት

ክረምት በገባ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ነገር ይሟሟቃል። ቲሸርት ይታተማል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል። ይበል የሚያሰኝ ነው። መስከረም ጠብቶ ባነሩ ሲወርድ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስበው የሚውሉትን ሰዎች የሚያስታውሳቸው የለም። ይህን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የታዳጊዎችና የወጣቶች ክበብ ያለ ደመወዝ ስለሚመሩ አዋቂዎች። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጡም አሉ። የእኔ ድርሻ ልጆቹን መምራት ሳይሆን የሚመሯቸውን ሰዎች ማገዝ ነው።

እነዚህ ሰዎች ክበቡን ጥለው ሲሄዱ “የበጎ ፈቃድ መንፈስ ጠፋ” ብሎ ማማረር ተለምዷል። እኔ አልስማማም። የሚሄዱት ፍቅር አንሷቸው አይደለም። ሥራው ልክ ስለሌለው ነው።

ነፃ አገልግሎት እንዴት እንደሚመራ ለመማር ወሎ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬ አለልን። ቅሬ ለማንም ደመወዝ አይከፍልም። ሰው ሲሞት ግን ድንኳኑ ይተከላል፣ መቃብሩ ይቆፈራል፣ ለቀስተኛው ይበላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ የሚገኝበት ሰፈርም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው የወሎ ሰው ከሌላው የተለየ ደግ ስለሆነ ነው ብንል ራሳችንን ማሞገስ ይሆንብናል፣ ደስ ቢለንም። የሚሆነው ሥራው ተቆርጦ ስለተሰጠ ነው። እንጀራ የምታመጣዋ ስንት እንደሚጠበቅባት ታውቃለች። ተራ የደረሰው ተራው መድረሱን ያውቃል። የቀረ ይቀጣል፣ በቂ ምክንያት ያለው ይማራል። ሬሳው ተቀብሮ ሐዘንተኛው ከተጽናና በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። “አንተ ጎበዝ ነህና የሰፈሩን መቃብር ሁሉ ብቻህን ቆፍር” የሚባል ሰው የለም።

ክበብ ላይ የምናደርገው ግን ልክ እሱን ነው። አንዱ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ስም መቆጣጠሩም፣ ለቀበሌ ደብዳቤ መጻፉም፣ ኳስ መግዛቱም፣ የተጣሉ ወላጆችን ማስታረቁም፣ ሪፖርቱም፣ የበዓሉ ድራማም እሱ ላይ ይከመራል። ጥር ሲደርስ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ያን ጊዜ ሁላችንም እንገረማለን።

ስለዚህ አሁን አንድ ሰው ክበብ ልምራ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጽፈው የማይሠራውን ነው። ገንዘብ አይዝም። ሪፖርት አይጽፍም፤ እሱን ከልጆቹ መካከል የተመረጠው ጸሐፊ ይጽፈዋል፣ ፊደል ቢሳሳትም ይሳሳት። የቤተሰብ ጠብ ውስጥ ብቻውን አይገባም። ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኖራል። ልምጭም አይዝም። ይህን የመጨረሻውን ስናነብ ፈገግ የሚሉ አሉ፣ “እኛስ በምን አደግን?” እያሉ። መልሳችን አጭር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች ኃላፊነት በተጣለባቸው ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፤ ክርክር የለውም። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ይጻፋል፦ በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ። ሰኔ ላይ ተመስግኖ ይለቀቃል። መቀጠል ከፈለገ አዲስ ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

“በወር ሁለት ቅዳሜ” ማለት ደሴ ላይ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን አይደለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ግን አየሩም የሰዉም ሰዓት ይለወጣል። ደሴ ላይ በጎ ፈቃደኛው ባብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ወይም መምህር ስለሆነ ቅዳሜው የራሱ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፦ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እዚያ የሚሠራ ሰው ቅዳሜውን የሚወስንለት ሽፍቱ ነው። የምናውቃት አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሌሊት ሽፍት ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ልጆቹ ፊት ትቆም ነበር። “አብሽሩ፣ እችለዋለሁ” ትለናለች። ትችለዋለች፣ ግን ለምን? የሽፍት ሰሌዳዋን አስመጥተን ተራዋን በእሱ ላይ አወጣን። የሌሊት ሽፍት ሳምንቷ ሲሆን ሌላ ሰው ይገባል። ከሰጠናት ሥልጠና ሁሉ ይልቅ ይቺ የወረቀት ሥራ ናት ክበቡ ላይ ያቆየቻት።

ስለ ሥልጠና ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለት ቀን በፕሮጀክተር ስለ “ወጣት ተኮር አመራር” ማስተማር ብዙም አያመጣም። አዋቂው የሚማረው ከስብሰባው በኋላ፣ ቡና ላይ ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ጋሼ አሉ፤ ልጆቹ በጣም ይወዷቸዋል። አንድ ቅዳሜ የዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ምን ይሁን የሚል ውይይት ይመሩ ነበር። “እስቲ ምን እናድርግ?” ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ዝም አለ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ጠበቁና ራሳቸው መለሱት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ የራሳቸው መልስ። መልሶቻቸው ጥሩ ነበሩ፣ እዚያ ላይ ሐሜት የለኝም። ሲያልቅ ቡና ይዘን በረካ ላይ ስንደርስ ነው የጠየቅኋቸው።

“ጋሼ፣ ዛሬ ከልጆቹ ማን ማን ተናገረ?”

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ሁለተኛዋ ጣት ላይ ቆሙ። “ወላሂ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ከኋላ የነበርሽው፣ ድምጽሽን ሳልሰማ ወጣሁ” አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ነበር የሚናገሩት።

ምክር አልሰጠኋቸውም፤ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። በሌላው ቅዳሜ ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ አምስት ጠጠር ይዘው መጡ። አንድ ጊዜ በተናገሩ ቁጥር አንዱን ጠጠር ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። አምስቱ ካለቀ አፋቸውን ይዘጋሉ። ልጆቹ ነቅተውባቸው “ጋሼ፣ አንድ ብቻ ቀረዎት!” እያሉ መሳቅ ጀመሩ። ያ ዝም ብሎ የነበረው ክፍል በሳቅ ተከፈተ፤ ዝግጅቱም ጋሼ ካሰቡት ድራማ ወደ ጥያቄና መልስ ውድድር ተለወጠ። እውነቱን ለመናገር ድራማው ይሻል ነበር። ቢሆንም የልጆቹ ነበር።

ሮጀር ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ መሰላል ከፋፍሎታል። ከታች ያሉትን ሦስቱን ደረጃዎች ተሳትፎ አይላቸውም። ከእነሱ አንዱ ማስዋቢያ መሆን ነው፤ ልጆች ስለ ምንነቱ እምብዛም ለማያውቁት ጉዳይ ቲሸርት ለብሰው ሲጨፍሩ ማለት ነው። እስቲ የየመሥሪያ ቤቱን የበዓል ፎቶ አልበም ክፈቱ። እንግዲህ የአዋቂ መሪዎች አጋዥ ዋናው ሥራ ይኸው ይመስለኛል፦ አዋቂው ልጆቹን ጌጥ እንዳያደርጋቸው፣ ተቋሙ ደግሞ አዋቂውን ጌጥ እንዳያደርገው መጠበቅ።

የአበልን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የታክሲ ይመለስለት፤ በጎ ፈቃደኛ ከኪሱ መክሰር የለበትም። በተገኘህበት ቀን ቁጥር አበል የሚባለው ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ክበቡንም ይዞት ይሄዳል። በዓይናችን ያየነው ነው።

ልክ የማጣት ልማድ ከየት እንደመጣብን ሳስብ አንዱ ምንጭ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ነው። በ2013 ክረምት ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። እንጀራ ጋግራ፣ ብርድ ልብስ ይዛ ያልወጣች እናት ጥቂት ናት። በጥቅምት 2014 ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹ ተዘርፈው ተገኙ። ያን ጊዜ ለደግነት ልክ ማበጀት የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ክበብ ከሚመሩት ምርጦቹ ብዙዎቹ ከዚያ ሰሞን የወጡ ናቸው፤ እና እያንዳንዱን ቅዳሜ እንደ አደጋ ቀን ይይዙታል። መድከማቸውን ራሳቸው አያውቁትም። ብዙዎቹ ለራሳቸው ሐዘን ገና አልተቀመጡም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለና የኮምቦልቻው ክበብ እኔ ከደሴ እስክወርድ መጠበቅ አይችልም። ለዚህ ነው በየከተማው መሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ቡናውን እንዲጠራሩ ያደረግነው። እኔ ባልኖርም “ዛሬ ማን ተናገረ?” የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ የሚሞግቱኝ ደሴ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። የዓመት ወረቀታቸው ካለቀ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን አልሄዱም። “ልክ፣ ልክ ትላለህ” አሉኝ። “ልጁ ማክሰኞ ማታ አልቅሶ ቢደውልልኝ ተራዬ ቅዳሜ ነው ልበለው?”

እውነት አላቸው። “አይ እትዬ፣ ያንሱለት እንጂ” አልኳቸው። “ግን በማግስቱ ለማን ይነግራሉ?”

“ለማን እነግራለሁ፣ በሆዴ ይዤው አድራለሁ እንጂ።”

ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ተማክረን ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርን። አጻጻፉ የእሳቸው ነው፦ “ልጅ በማንኛውም ሰዓት ቢደውል ይነሣለታል። ያነሣው ሰው በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ለሁለተኛው መሪ ይናገራል፤ በሆዱ ይዞ ማደር ክልክል ነው።” እሳቸውም ለአዲስ ዓመት ፈርመውበታል።