ሃያ ሰከንድ ያለ ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስለ ወጣቶችና ስለ መገናኛ ብዙኃን ያስተማርሁትን ትምህርት ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዋና ዋና ነጥቦቹን ብትረሷቸው አልፈርድባችሁም፤ እኔም አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በፕሮጀክተር ያሳየኋችሁን የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ግን እንደማትረሱት አውቃለሁ። ፀጉሩን የተላጨ፣ ዓይኑን የተኳለ፣ ከንፈሩን የተቀባ ወንድ መድረክ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እንባውን ሲጠርግ «ይህን ሁሉ የሚያለቅሰው ኩሉ ተበላሽቶበት ይመስለኛል» አልኋችሁ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ፈጥኖ አልበረደም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲበርድ አልፈለግሁም ነበር።

ሰውየው ያለቀሰው ስለ ኩሉ አልነበረም።

ቪዲዮውን ያገኘሁት በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት መካከል ነው። ከላዩ «የዘመኑ ጉድ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ ተወሰደ የሚናገር አልነበረበትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የፋርማሲ ተማሪ ነኝና ምንጩ ያልታወቀ መድኃኒት ለማንም እንዳላድል በየዓመቱ ተምሬአለሁ። ለጉባኤ ግን ምንጩ ያልታወቀ 20 ሰከንድ በቃኝ። ድምፁንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የዘፈን ድምፅ እንዳይሰማ በማለት በስልኬ ላይ ቆርጬ አወጣሁት። ከመቁረጤ በፊት እንኳ ሰውየው ምን እንደሚል አላዳመጥሁም። በእንግሊዝኛ የምማር ሰው ነኝ፤ ባዳምጠው ይገባኝ ነበር።

በግንቦት ወር በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ስንጫወት ይህንኑ ቀልድ ደገምሁት። ከክፍላችን ልጆች አንዱ፣ ብዙ የማይናገርና ሌሊቱን ሁሉ ፊልም የሚያይ ልጅ፣ አልሳቀም። «ሙሉውን አይተኸዋል?» ሲል ጠየቀኝ። እንዳላየሁት ነገርሁት። «እንግዲያው መጀመሪያ እይ፤ ከዚያ ትስቃለህ» ብሎ ሃርድ ዲስኩን አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

ዲያቆን ሆኖ ይህን ማየት ይገባዋልን የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን 20 ሰከንዱን ብቻ አይቼ በሁለት መቶ ሰው ፊት ስናገር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

ዝግጅቱ «ሩፖልስ ድራግ ሬስ» ይባላል። በአሜሪካ «ሎጎ» በተባለ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው በእኛ አቈጣጠር ጥር 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ፊደል የምቈጥር ሕፃን ነበርሁ። «ድራግ» የሚሉት ወንዶች በሴት ልብስ፣ በሴት ስምና በሴት አኳኋን ተውበው በመድረክ የሚያሳዩት ትርኢት ነው። አዘጋጁ ሩፖል በዚሁ ትርኢትና በዘፋኝነት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዝና ያገኘ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠኝ ሰዎች ተወዳደሩ። በየሳምንቱ ልብስ መሥራት፣ መተወን፣ ማስታወቂያ መቅረጽ የመሰለ ፈተና ይሰጣቸዋል። ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት ሁለቱ የሌላ ሰው ዘፈን እየተሰማ ከንፈራቸውን ከቃላቱ ጋር እያስማሙ ይጫወታሉ፤ አንደኛው ይሰናበታል። የአሸናፊው ሽልማት 20,000 ዶላር ነበር። በኋለኞቹ ምዕራፎች 100,000፣ ከዚያም 200,000 ደርሷል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ምስል ዳር እስከ ዳር ጉም የለበሰ ይመስላል። ፋይሉ ሲገለበጥ የተበላሸ መስሎኝ ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ጠየቅሁት። ሲሠራም እንዲሁ እንደ ሆነ፣ የዝግጅቱ ተከታታዮችም እስከ ዛሬ እንደሚቀልዱበት ነግሮኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የመጀመሪያው ፈተና ከአሮጌ ልብስ መሸጫና ርካሽ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በተገኘ ነገር ልብስ መሥራት ነበር። እናቴ በስፌት መኪና ያሳደገችኝ ልጅ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሥራው ላይ ነው። አንዳንዱ ግሩም ነበር፤ አንዳንዱን ግን እናቴ ብታየው ተርትራ እንደ ገና ታስጀምረው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አስተውላለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የጠበቅሁት በትምህርቴ ላይ የምጨምረው ሌላ ጉድ ነበር።

ጉድ ሆኖ የተገኘው የእኔ ትምህርት ነው። በዚያ ምሽት «ይህ የነጮች ነገር ነው» ብያችሁ ነበር። ሩፖል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ውድድሩን ያሸነፈው፣ ቢቢ ዛሃራ ቤኔት በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው፣ ከካሜሩን ወደ አሜሪካ የሄደ አፍሪካዊ ነው፤ የአገሩን ስም በኩራት እየጠራ ነው የሚወዳደረው። ሁለተኛ የወጣው ኒና ፍላወርስ የፖርቶ ሪኮ ሰው ነው። የእኔ ቪዲዮ ባለቤት የመድረክ ስሙ ኦንጃይና ሲሆን የተወለደው በፊሊፒንስ ነው።

«ወንድ ሴት መስሎ መድረክ ላይ መውጣቱ ትናንት የተፈጠረ ነገር ነው» ማለቴንም ታስታውሱ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ገደማ ድረስ በሕዝብ ቴአትር ቤቶች ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በጃፓን ካቡኪ በተባለው ቴአትር ዛሬም የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ይይዛሉ። በአገራችንም ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከድራግ ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ ዓላማቸውም አኳኋናቸውም ይለያያል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ወንድነትና ስለ ሴትነት የምታስተምረውም የታወቀ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያንን ለመለወጥም ለመድገምም አልጻፍሁትም። የጻፍሁት የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ስለ አስተማርኋችሁ ነው።

አራተኛው ክፍል ላይ ደረስሁ። «ማክ» የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቪቫ ግላም» በሚል ስም የሚያወጣው የከንፈር ቀለም አለው፤ በዚያን ጊዜ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች መርጃ ይውል ነበር። የመጀመሪያው አስተዋዋቂ ሩፖል ራሱ ነበር። የዚያ ሳምንት ፈተና ለዚሁ የሚሆን ማስታወቂያ መሥራት ነው። ኦንጃይና አሸነፈ። አሸናፊነቱ ሲነገር ማልቀስ ጀመረ። ቪዲዮዬን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። እጄ ሳላስበው ወደ ድምፅ መቀነሻው ሄደ፤ ከዚያ ተወሁት።

ከሁለት ዓመት ጀምሮ ከኤች አይ ቪ ጋር እንደሚኖር ተናገረ። በቴሌቪዥን ሊናገረው ያልፈለገው ወላጆቹ ስለማያውቁ እንደ ነበርም ተናገረ።

መልሼ መልሼ ሦስት ጊዜ አየሁት። በሦስቱም ጊዜ ከድምፁ በስተኋላ የአዳራሹን ሳቅ ሰማሁ። ይህን የምለው ጥፋቱን ላካፍላችሁ አይደለም። እናንተ የሳቃችሁት ባሳየኋችሁ ነገር ነው፤ ያሳየኋችሁም የቀረውን ቆርጬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈተናው በፍልሚያ ስፖርት የተሰማሩ ሴቶችን አስውቦ ማቅረብ ነበር። ኦንጃይና ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ከሁለቱ አንዱ ሆነ፤ የገጠመውም ኋላ ሁሉንም ያሸነፈው ቢቢ ነበር። ተሰናበተ። ባለፈው ሳምንት አሸናፊ፣ በዚህ ሳምንት ተሰናባች። በልቤ ውድድሩን እንዲያሸንፍ እመኝ ነበርና አዘንሁ፤ በዚህም ራሴን ታዘብሁት። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች በሚመለሱበት ውድድር እንደ ገና ቀረበ። በዚያም በሁለተኛው ክፍል ወጣ። መድኃኒት አዳይ ሊሆን ለሚማር ሰው ግን ከውጤቱ ይልቅ በሕይወትና በጤና ተመልሶ መታየቱ ይበልጥበታል።

በዚያው ሰሞን ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ሆስፒታል ተላክሁ፤ ሁለት ሳምንት የሠራሁትም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ነው። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዛሬ ለብዙዎቹ በቀን አንድ ክኒን ይበቃል። በትክክል ሲወሰድ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስከማይገኝ ድረስ ይወርዳል፤ እንዲህ የሆነለት ሰው በግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። በክፍል ውስጥ ያልተማርሁት ሰዎቹ ከመስኮቱ ሲርቁ የሚያደርጉትን ነው። በብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዚያው ቆመው ይልጣሉ። ክኒኑ በቦርሳ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ እንዳይሰማ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል። ሌሎች ወደ ቪታሚን ብልቃጥ ይገለብጡታል። በሠፈራቸው ጤና ጣቢያ እያለ ሁለት መኪና ቀይረው የሚመጡ አሉ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ስሜን ዝቅ አድርገህ ጥራልኝ» አሉኝ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ሲሉ ማዕተባቸው ከነጠላቸው ውስጥ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር። የብዙዎቹም እንዲሁ ነው።

ትምህርቱን የሰጠኋችሁ የዓለም ኤድስ ቀን ከሚውልበት ከኅዳር 22 አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከሁለት መቶው መካከል በቦርሳው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ብልቃጥ የያዘ ማን እንደ ነበር አላውቅም። ማንም አልነበረም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ በዚያ መስኮት የቆመ ሰው ግን ይህን ማመን አይችልም። ከጎኑ ያሉት እየሳቁ እርሱ ብቻ ዝም ቢል እንዳይታወቅበት አብሮ የሳቀ ይኖር ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ለክረምት ዕረፍት ወደ አጥቢያችን ስመለስ የአባላቱን የስም መቈጣጠሪያ መዝገብ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። ከዚያ ምሽት ወዲህ መምጣት ያቆመ ካለ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው። ሐሳቡ መልካም መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቴ በአንድ ስም ላይ ቆመ፤ ሦስት ወር የቀረ ነው። ስለዚያ ሰው የማውቀውን ሁሉ፣ መክሳቱን፣ ብቸኝነቱን፣ ዝምታውን መደርደር ጀመርሁ። ከዚያ የማደርገው ነገር ምን እንደ ሆነ ገባኝ። መዝገቡን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስሁት። የማን ስም እንደ ነበረ ለመርሳት አሁንም እየታገልሁ ነው።

ነገሩን ለንስሓ አባቴ ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰምተው «ስንት ሰው ነበር ያሳቅኸው?» አሉኝ። ሁለት መቶ ገደማ አልኋቸው። «ታዲያ ለእኔ ለአንዱ ብቻ ነግረህ ልትሄድ ነው?» አሉ።

ያንኑ ጉባኤ መልሼ ልሰበስበው አልችልም። ተመርቀው ወደየሥራ ቦታቸው የሄዱ አሉ፤ ሠፈር የቀየሩም፣ ዓረብ አገር የሄዱም አሉ። ይህን ገጽ ግን ከየአላችሁበት እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ። ከሁሉም በፊት ያን ምሽት በፍርሃት አብረኸን የሳቅህ፣ አብረሽን የሳቅሽ፣ ማን እንደ ሆናችሁ ሳልጠይቅ ይቅርታ እለምናችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከትምህርቱ በኋላ ብዙዎቻችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ ቪዲዮውን በወጣቶች የቴሌግራም ቡድን ልኬው ነበር። ከቡድኑ አጥፍቼዋለሁ፤ ከስልኮቻችሁ ላይ ላጠፋው ግን አልችልም። የላክሁላችሁ ደግሞ ድምፅ የሌለውን ነው፤ ብትከፍቱትም የምትሰሙት የለም። ሰውየው የሚለው ከሁለት ዓመት ጀምሮ ኤች አይ ቪ እንዳለበትና እናትና አባቱ እንደማያውቁ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።