ጉራጌ ሆነህ?

ንግድ አልችልም። አባቴ ጉራጌ ስለሆነ ይህን ስናገር ማንም አያምነኝም፤ ገንዘቤን ለመደበቅ የምዋሽ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍተን ነበር። እስክሪብቶና ደብተሩን ለሰፈር ልጆች በዱቤ እየሰጠሁ፣ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ ድራማ ስጽፍ፣ ሱቁ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ከኪሳራው ይልቅ ያሰለቸኝ በየደረስኩበት የሚጠብቀኝ ጥያቄ ነው፦ «ጉራጌ ሆነህ?»

ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ሙገሳ ነው። ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ ለሙገሳ ግን ምን ይመለሳል? እኔም ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ባለሱቁ ዱቤ ሲሰጠኝ «እናንተ እኮ ቃላችሁ አይታጠፍም» ይለኛል። ዕቁብ ስገባ ዋስ አምጣ የሚለኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ያላፈራሁትን እምነት በአያቶቼ ስም እየመነዘርኩ ስበላ ቆየሁ።

አነቃቂ ንግግር ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ሙገሳው መድረክ አገኘ። አዳራሽ ገብቼ ካዳመጥኳቸው ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ያችኑ ታሪክ ያወሯታል። ልጅ ከጉራጌ አገር በባዶ እግሩ ይመጣል፤ መርካቶ ጫማ ይጠርጋል፤ ቆጥቦ ሱቅ ይከፍታል፤ ሕንፃ ያቆማል። «ሥራ በደማቸው ነው!» ሲባል ይጨበጨባል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ታሪኩ ውስጥ ሰው የለም። ልጁ ምን ይፈራ ነበር? ማንን ይናፍቅ ነበር? ከጎኑ ተቀምጦ ጫማ ሲጠርግ የነበረውና ዛሬም የሊስትሮ ሳጥኑን ያልጣለው የአገሩ ልጅስ ደሙ ከየት ነው?

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር፣ የጉራጌ ሰው የሚታወቀው በመሸከምና በመቆፈር ነበር። ያኔ «ሸክም በደማቸው ነው» ቢባል የሚገረም አይኖርም ነበር። ከቀዬው ያስወጣው የእርሻ መሬት ጥበትና ግብር ነው፤ ሚስትና ልጆች እንሰቱን ይዘው ይቀራሉ፣ እሱ ገንዘብ ይዞ ለመስቀል ይመለሳል። መርካቶም የተመሠረተችው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ሲዛወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ከሸክም ወደ ችርቻሮ፣ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ ተሻገረ። ባንክ ለማያበድረው ሰው ዕቁብ ነበረው። ይህ ሁሉ ላብና ብልሃት ነው፤ «በደማቸው ነው» ሲባል ግን ላቡም ብልሃቱም ይቀማል።

ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድም መርካቶ አካባቢ ያደገ፣ ጫማ የጠረገ የጉራጌ ልጅ ነው። አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሳለ ነው ዘፋኝ የጎደለ ቀን ዕድል ያገኘው። ደራሲው ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በቸሃ ጉራጊኛ ልብ ወለድ ጻፈ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ታተመ። አነቃቂዎቹ ሁለቱን ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሙገሳው የመረረኝ ቤት ስከራይ ነው። ደላላ አንድ ሰርቪስ ክፍል አሳየኝ። አከራይዋ፣ ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ ደግ ሴት፣ የአባቴን ስም ጠየቁ፤ አገሩን ጠየቁ። «ጎሽ ልጄ፣ ጉራጌ ከሆንክ ኪራይ አታጓትትም፤ ግባ» አሉኝ። ቀጥለው በዋዜማው ስለመጣው ልጅ አወሩኝ። አስተማሪ ነው፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ልክፈል ብሏል። «የነሱ ወገን ቂመኛ ነው፤ ዘመድም ያበዛል» ብለው መለሱት። የብሔሩን ስም ጠርተዋል፤ እኔ አልጽፈውም፤ የፈለጋችሁትን ስም ብታስገቡበት ያው ነው። ደላላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ «እሺ እትዬ» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

እትዬ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጥ ይልኩልኝ ነበር። አንድ ወር ኪራይ ሳሳልፍ በፍርሃት ልነግራቸው ብሄድ፣ «ገንዘቡን እያንቀሳቀስከው ነው አይደል?» ብለው ሳቁ። ገንዘብ አልነበረኝም። ያን ቀን አስተማሪው ትዝ አለኝ። እሱ ቅድሚያ ልክፈል ብሎ አልታመነም፤ እኔ ሳልከፍል ታመንኩ።

ነገሩ እስከ ብዕሬ ተከተለኝ። በእኛ መድረክ ሳቅ ሲጠፋ ቶሎ የሚጠራ ሰው አለ፤ አማርኛው የሚሰባበር ነጋዴ፣ ሸማኔ ወይም ዘበኛ። ገና አፉን ሳይከፍት ይሳቅለታል። ጸሐፊው የፈጠረው ነገር የለም፤ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣውን መልሶ ይሸጥለታል። ክፋቱን ለጊዜው ልተወውና፣ እኔን እንደ ጸሐፊ የሚያሳፍረኝ ስንፍናው ነው። እትዬም የእኔን ታሪክ የጻፉት እንዲሁ ነው፤ አገሬን ሰሙና የቀረውን ከራሳቸው ሞሉት።

አሁን ለሬዲዮ በምጽፈው ድራማ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አለ። ተዋናዩ ጽሑፉን አንብቦ «የየት አገር ሰው ነው?» አለኝ። ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ከሚስቱ ተደብቆ ለወንድሙ ዋስ እንደፈረመ፣ ለሕፃናት ስኳር ሲመዝን ትንሽ እንደሚያበዛ ነገርኩት። ማስታወሻ ያዘ። «እሺ፣ ገባኝ» አለ፤ «ግን ዘዬው?» አዘጋጁም ከሱ ጋር ወግኗል፤ አድማጭ ሰውየውን ቶሎ እንዲለየው ዘዬ ያስፈልጋል ይላል። ስላልተስማማን ቀረጻው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል።