በሶ የተባለው ዓሣ

እንዳ ኢየሱስ ዓሣ የሚጠመድበት ሰፈር አይደለም። በዚህ ኮረብታ ታሪክ ውኃ የሚነሣው ከጥም ጋር ነው። በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር፣ እዚህ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር በተከበበ ጊዜ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘበትና ከሻለቃ ጋሊያኖ ጋር ምሽጉን ለቆ ወጣ። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ያድጋል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ሌላ አንድ ዓሣ ነበረኝ፤ በቤታችን ግድግዳ ላይ።

ዓሣው በወረቀት ላይ የታተመ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ባሕር ዳር በኖሩባቸው ዓመታት ስለ ዓሣ ከሚያጠና ወዳጃቸው ያገኙት የጥንት መጽሐፍ ገጽ ቅጂ ነበር። በመስተዋት አስገብተው፣ ከእመቤታችን ሥዕል ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰቅለውታል። ራሱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተቆጠረ እስኪመስል ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። በግርጌው ያለውን የላቲን ጽሑፍ ማንበብ የቻልሁት ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ሁለተኛው ቃል «በሶ» ይላል።

ሳቅሁ። «አቦይ፣ ዓሣ እንዴት በሶ ይባላል? በሶ እኮ የገብስ ዱቄት ነው» አልኋቸው።

«የጣና ሰው እንዲህ ብሎ ጠራው፤ ፈረንጁም የሰማውን ጻፈ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ።

ፈረንጁ ኤድዋርድ ሩፔል መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ በ1832 ከምጽዋ ተነሥቶ የትግራይን ደጋና የስሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር የገባ ተጓዥ ነው። ከሰበሰበው ብዙውን ለከተማው ለዜንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ። ጭላዳና ዋልያ ዛሬ በሳይንስ ስማቸው ውስጥ የአገራቸውን መጠሪያ ይዘው የሚኖሩት በእርሱ ብዕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 የጣናን ዓሦች ሲገልጽም እንዲሁ አደረገ፤ በሶ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ የሚሉት ቃላት ከሐይቁ ዳር ተነሥተው የላቲን ጎረቤት ሆኑ። ቃል ለሚወድ ሰው ይህ እንደ ተረት ያስደንቃል። በታንኳ ላይ የተነገረ ቃል ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ሳይለወጥ ይነበባል።

የእነዚያን ዘመናት የዓሣ ሥዕሎች ሥራ እያነበብሁ በሄድሁ ቁጥር ግን ደስታዬ ከአንድ ሐሳብ ጋር ተቀላቀለ። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል ወይም በድንጋይ ላይ ይሣላል፤ ከታተመ በኋላም ቀለሙን ብዙ ጊዜ ሰው በእጁ፣ ቅጂ በቅጂ ይቀባዋል። የበርሊኑ ሐኪም ማርከስ ኤሊዘር ብሎህ እ.ኤ.አ. ከ1782 እስከ 1795 ባሳተመው ታላቅ ሥራ 432 የዓሣ ሥዕሎች አሉ፤ ቅርፊታቸው እንዲያበራ የብር ቀለም እስከ መቀባት ተደርሷል። ይሁን እንጂ ዓሣ ከውኃ በወጣ ጥቂት ጊዜ ውስጥ መልኩ ይደበዝዛል። አውሮፓ ተቀምጦ የሚሥለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው በአልኮል ተነክሮ የመጣውን፣ የገረጣውን አካል ነው። ሕያው መልኩን ያየው አጥማጁ ነው፤ አጥማጁ ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም።

ሠዓሊው ራሱ የማይኖርበትም ጊዜ አለ። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ የዓባይን ቢኒ ዓሣ ጨምሮ የእንስሳትና የዕፅዋት ሥዕሎችን አውጥቷል። በጉዞው ያገለገለው ሠዓሊ የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ አረፈ። ብሩስ የዚህን ሰው ድካም ለራሱ አድርጎ አቅርቧል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመቐለ ባንኮች ተዘጉ። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የእኔ ሥራ ቤት መቀመጥ ነበር። አባቴ የታመሙት በዚያው ወራት ነው። የእናቴ ክፍል መስኮት ተሰብሮ ብርዱ ሲጠና፣ በከተማው መስተዋት ስላጣሁ የዓሣውን መስተዋት አውልቄ ከመስኮቱ ልክ ጋር አስተካክዬ ገጠምሁት። ወረቀቱ ብቻውን ቀረ። አባቴ «አምጣው» አሉኝና ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ቅርፊቱን ዳሰሱት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣

«ይህን ስም የነገረው ሰው ማን ይሆን? ፈረንጁ ስሙን ጠይቆት ይሆን?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የባንክ አገልግሎት ዳግም ሲጀመር ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከመጡት መካከል መጻፍ የማይችሉ ብዙ አረጋውያን ነበሩ። እንዲህ ያለ ደንበኛ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤ እኛ ደግሞ ከአሻራው ጎን ሙሉ ስሙን እንጽፋለን። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን አትመው ካነሡ በኋላ ሳይሄዱ ቆሙ። «ወደይ፣ ስሜን ጻፍኸው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አቦይ፣ ጽፌዋለሁ» አልሁ። «እስቲ አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁላቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የአባቴ ጥያቄ የገባኝ በዚያ ቀን ነው። «በሶ» የሚለው ቃል በሩፔል ገጽ ላይ የቀረ የአንድ አጥማጅ የጣት አሻራ ነው። በሳይንሱ ሥርዓት ከዓሣው ስም ቀጥሎ «ሩፔል፣ 1835» ይከተላል። ከአሻራው ጎን ሊጻፍ የሚገባው ሌላው ስም ግን አልተጻፈም።

አሁን ደግሞ የሚያሰጋው የዓሦቹ የራሳቸው ነገር ነው። በጣና፣ የበሶ ዘመድ ከሆኑት ከትላልቆቹ ላቤዮባርበስ ዐሥራ አምስት ዝርያዎች ተለይተዋል፤ መንጠቆ የያዘ ሰው የሚመኛቸው ብርቱ ዓሦች ናቸው። መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ ይህም በዓለም ሊቃውንትን ያስገረመ ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ አብዛኛው ጠፍቷል። የጣናዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ብዛታቸው ወደ ሰባ አምስት በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ወረቀቱ ከዓሣው በላይ ዕድሜ ይኖረው ይሆን እያልሁ እሰጋለሁ። ያኔ ስሙ ከማን ጋር ይኖራል?

ባለፈው ዓመት ለሥዕሉ አዲስ መስተዋት ገዛሁለትና ወደ ጥንት ቦታው፣ ከእመቤታችን ትንሽ ዝቅ አድርጌ መለስሁት። የመስኮቱን አላወለቅሁትም፤ እናቴ ለምዳዋለች። የእኅቴ ልጅ ፊደል ቆጥራ ጨርሳ የላቲኑን ጀምራለች። ከወንበር ላይ ቆማ ካነበበች በኋላ በሳቅ ፈነዳች።

«አጎቴ፣ ዓሣ በሶ ይባላል?»

አባቴ ያሉኝን አልኋት፤ የጣና ሰው እንዲህ ብሎ ጠራው፤ ፈረንጁም የሰማውን ጻፈ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመርሁላት። «የነገረውም ሰው ስም ነበረው።»