ኳሱን ማን ላከለት?

የገና ዕለት ማታ ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017። ዶሮው ተበልቷል፣ እንግዳው ተሸኝቷል። ኮልፌ አካባቢ ፀጉር ቤት ያለው ሰውዬ ጋቢውን ደርቦ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። 5 ሰዓት ሆኗል። አርሴናል በሜዳው ከኒውካስል ጋር የካራባዎ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርጋል።

አርሴናል ይሞክራል፣ ይስታል። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይስታል። ኒውካስል ሁለት አገባና ሄደ። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ሚኬል አርቴታ የውድድሩን ኳስ ነገር አነሳ፤ በሊጉ ከሚጫወቱበት ኳስ የተለየ ነው፣ ይንሳፈፋል አለ። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወረና፣ "ለኒውካስልም'ኮ ያው ኳስ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ከመኝታ ቤት፣ "ኧረ በገና ምድር!" አለችው።

ይህ ሰው አርሴን የያዘው በ1996 ነው። ቡድኑ 38 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳበት፣ ቲየሪ ኦንሪ በሊጉ 30 ጎል ያገባበት ዓመት። ያኔ ገና ወንደላጤ ነበር። የመጀመሪያ ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ተወለደ። ልጁ ከአባቱ ማሊያውን ወረሰ፤ የሊግ ዋንጫ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል።

ቅዳሜና እሁድ ፀጉር ቤቱ ችሎት ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ዳኛም አቃቤ ሕግም ይሆናል። ማንቼው ጥግ ይዞ ይስቃል፣ ቼልሲው ነገር ያቀጣጥላል፣ አርሴው ደግሞ የራሱን ቡድን ይከስሳል። በዚህ ዓመት ዋናው ተከሳሽ ካይ ሃቨርትዝ ነበር።

ጥር 4 ቀን ደግሞ ክሱ ከበደ። በኤፍኤ ዋንጫ ማንቸስተር ዩናይትድ አንድ ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው እየተጫወተ፣ አርሴናል በኤምሬትስ ማሸነፍ አቃተው። ኦዴጋርድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ወደ መለያ ምት ሲሄድ ሃቨርትዝም ሳተ። ገብርኤል ጄሱስ ጉልበቱን ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ። በማግስቱ ማንቼው ፀጉሩን ሊስተካከል ሳይሆን ሰላም ሊል ብቻ መጣ።

"አጥቂ የለንም!" አለ ሰውዬው። ሁሉም ተስማማ። ሌላ ክርክር አልነበረም።

ቁጥሩም የሚያግዘው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2022/23 አርሴናል በሊጉ 88 ጎል አገባ፤ በ2023/24 ደግሞ 91። ሁለቱንም ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ቢጨርስም ማንቸስተር ሲቲን እንቅልፍ ነስቶ ነበር። በ2024/25 ያገባው 69 ብቻ ነው። 14 ጊዜ አቻ ወጣ። ሦስተኛ ተከታታይ ሁለተኛነቱን ከሊቨርፑል በ10 ነጥብ ርቆ አገኘ። በሊጉ ከቡድኑ ብዙ ያገባው ያው የሚሰደበው ሃቨርትዝ ነው፤ በ9 ጎል። የሊቨርፑሉ ሳላህ ብቻውን 29 አግብቷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል። እነዚያን 91 ጎሎች ያገቡት እነማን ነበሩ? ሃቨርትዝ ነበር። ሳካ ነበር። ኦዴጋርድ፣ ማርቲኔሊ፣ ትሮሳርድ ነበሩ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ከእነዚህ አንዱም አልተሸጠም፤ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ሰውዬው ይህን የተረዳው የካቲት ላይ ነው። ሳካ ከታኅሣሥ ጀምሮ ተጎድቷል። የጥር የዝውውር መስኮት አንድ ሰው እንኳ ሳይገዛ ተዘጋ። ማርቲኔሊ ተጎዳ። ሃቨርትዝም ዱባይ ላይ ልምምድ ሲሠራ የጭኑ ጡንቻ ተቀደደ። የካቲት 8 ከሌስተር ጋር አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ ተቀይሮ ገብቶ አጥቂ ሆነና ሁለት አገባ። ፀጉር ቤቱ ጨፈረ። በሳምንቱ ዌስትሃም ኤምሬትስ መጥቶ 1 ለ 0 አሸነፈ።

ያን ቀን የሚሰደብ አጥቂ አልነበረም። ሃቨርትዝ የለም፣ ጄሱስ የለም። ሰውዬው የሚከሰው ሰው ሲያጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ራሱን ተከተለ። ኳሱ ከተከላካይ ወደ አማካይ ይሄዳል፣ ከአማካይ ወደ መስመር፣ ከመስመር ተመልሶ ወደ ተከላካይ። በዚህ መሀል የተጋጣሚ ተከላካዮች ተሰብስበው ቦታቸውን ይዘዋል። መጨረሻ ላይ ኳሱ ወደ ሳጥን ሲሻገር አንድ ሰው ለሦስት ይዘላል። ካልሆነ የማዕዘን ምት ይገኛል፤ ደጋፊውም ጎል የገባ ያህል ያጨበጭባል። በእርግጥ የቆሙ ኳሶች አሠልጣኙ ኒኮላ ዦቬር ሥራውን ያውቃል፤ ብዙ ጎልም አስገኝቷል። ግን የማዕዘን ምት ዋና ተስፋ ሲሆን፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ተዘግቷል ማለት ነው።

አርቴታን መርገምም ልክ አይደለም። አርሴናል በዚያ ዓመት በሊጉ የገባበት 34 ጎል ብቻ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ። ያለ ሁነኛ አጥቂ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 0 የረታውም ይኸው ቡድን ነው። አሠልጣኙ ላለመሸነፍ አሳምሮ ያዘጋጃል። ችግሩ ያለው መጠንቀቁ ከመድፈሩ መብለጡ ላይ ነው። ላለመሸነፍ የተሠራ ቡድን 4 ጊዜ ብቻ ይሸነፋል፣ 14 ጊዜ አቻ ይወጣል፣ ዋንጫውን ሌላው ይወስደዋል።

በቀጣዩ እሁድ ማንቼው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ "ሃቨርትዝ ቢኖርም ያው ነበራችሁ" ሲል ሰውዬው ማሽኑን አጠፋ።

"ስማ" አለው። "አጥቂ ተቀባይ ነው። የተላከለትን ነው የሚያገባው። ሳተ ትላላችሁ፤ ስንቴ በደህና ኳስ አገኘ? መጀመሪያ ኳሱን ማን ላከለት በል! ላኪው ሳይጠየቅ ተቀባዩ ብቻ ይሰቀላል እንዴ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ንግግሩ አምሮለት ነበር።

ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር የሚጠርገው ልጁ ቀና ሳይል፣ "አባዬ፣ ለኔ ግን እንዲህ አላልክም" አለ።

ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2016 ነው። ውጤቱ ጳጉሜን ላይ ወጣ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2014ቱ 3.3፣ የ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። እሱም ከቀሩት ብዙዎቹ አንዱ ሆነ። አባትየው ያን ማታ የተናገረው ቀላል አልነበረም። ስልክህ ነው፣ ኳስህ ነው፣ ስንፍናህ ነው አለው። የጎረቤት ልጅ ስም ጠራበት። በነጋታው መጥረጊያ ሰጠው።

ልጁ በዚያ ዓመት የሒሳብ መምህር ለወራት እንዳልነበራቸው ተናግሮ ነበር። መጽሐፉን ለአራት እንደሚካፈሉም ተናግሯል። አባትየው ሰምቶታል፤ እንደ ሰበብ ነው የሰማው። ልክ አርቴታ ስለ ኳሱ ሲያወራ እንደሰማው።

እርግጥ ተቀባይም ድርሻ አለው። በደህና የመጣን ኳስ የሚስት አጥቂ አለ፤ መጽሐፍ ታቅፎ የሚተኛ ተማሪም አለ። ልጁም ቢሆን ስልክ ላይ አላመሸሁም ብሎ አልማለም። ግን ከመቶ ተማሪ ዘጠና አራቱ ሲስቱ ሁሉንም ሰነፍ ብሎ መዝጋት፣ አጥቂው ሁሉ በተጎዳበት ቀን አጥቂ እንደመስደብ ነው።

ሰውዬው ለልጁ ያኔ የመለሰለት ነገር የለም። ማሽኑን አስነስቶ የማንቼውን ጭንቅላት ጨረሰ። ማንቼውም ለወትሮው የማያደርገውን አደረገ፤ ሳይስቅ ከፍሎ ወጣ።

በሳምንቱ ግን ሰፈር ውስጥ የሚያስጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲመጣ፣ ሰውዬው አላስከፍልም አለው። በሳምንት ሦስት ማታ ሒሳብ ሊያስጠናለት ተስማሙ። በእነዚያ ማታዎች የፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ይዘጋል። አርሴናል በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በፒኤስጂ ሲሸነፍ አንዱን ጨዋታ ሰውዬው በሬዲዮ ነው የተከታተለው፤ ድምፁን ቀንሶ። ልጁ በግል ተመዝግቦ እንደገና ተፈተነ። ውጤቱ ገና ነው።

ሐምሌ 2017 እያለቀ ነው። አርሴናል በመጨረሻ አጥቂ ገዛ። ቪክቶር ዮኬሬሽ፤ ባለፈው ዓመት ለስፖርቲንግ ሊዝበን በፖርቱጋል ሊግ 39 ጎል ያገባው ስዊድናዊ። ፀጉር ቤቱ ዋንጫውን ከወዲሁ አንስቶታል።

ሰውዬው ግን ረጋ ብሏል። "ደህና ልጅ ነው" ይላል፣ መላጫውን እየቀየረ። "ብቻ ይላኩለት።"