የአባት ቡሶላ በኪሎ አይሸጥም!

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጅማ ስንገባ የምናስበው ማሩን፣ ቡናውንና በርጩማውን ነው። በቾ ቦሬ ሰፈር ግን እኔን ያስቀመጠኝ አንድ የዛገ የብረት ሳጥን ሆነ...

ሳጥኑ የአንድ ሟች መካኒክ ነው። ቤተሰቡ ለቆራሌው በኪሎ ሊያስረክበው ሲል የመጨረሻው ልጅ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» አለ። እናንተዬ፣ ቡሶላ ይነበባል እንዴ? ይነበባል እንጂ!

«ይኸውልህ ጋሼ» አለኝ፣ እንደ ቡና እየለቀመ። «10፣ 13፣ 17 ብቻ የተጻፈባቸው በሚሊ ሜትር ናቸው፤ ለነፊያት። 1/2 ኤ ኤፍ የሚለው በኢንች ነው፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ13ቱ ከፈታኸው ይዞልህ ያሾልቅና የቡሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ደብሊው ያለበት የጥንት የእንግሊዝ መኪና ነው። የእሱ ቁጥር የሚናገረው የቡሎኑን ግንድ እንጂ ራሱን አይደለም። 1/4 ደብሊው 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ራስ ይይዛል።»

«ከሁሉ ያለቀችው የትኛዋ ናት?» አልኩት።

17ቷን አነሳ። አፏ ለስልሷል። «አባዬ በዚች ነው የኖረው። እኛንም ያሳደገችን እሷ ናት» አለና ዝም አለ።

እንግዲህ እናንተም አልጋ ሥር የአባት ሳጥን ካላችሁ በናፍጣ ጠርጋችሁ አንብቡት። ብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳታስነኩት፤ ጽሑፉን ይበላዋል። የጎደለችውን ቁጥር ምናለሽ ተራ ፈልጉ። ቆራሌው እንደሆነ ነገም ይመጣል።